ጠሪና ሠሪ፦ ተደጋጋሚ የጀርባ ሥራዎችን በማይክሮሰርቪስ ውስጥ በምን እናስጠራ?

ስለ ተደጋጋሚ የጀርባ ሥራ ሲነሳ ወሬው ወዲያው ወደ መሣሪያ ስም ይሄዳል። አንዱ «ክሮን (ሰዓቱ ሲደርስ ትእዛዝ የሚያስነሳው የዩኒክስ መሣሪያ) ምን ሆነ?» ይላል፤ ሌላው ኩበርኔቲስ (ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽን ላይ የሚያስተዳድር ሥርዓት) ላይ ካልሆነ አይዋጥለትም፤ ሦስተኛው ኤርፍሎው (የሥራ ሰንሰለት አስተዳዳሪ) እንትከል ባይ ነው። መሣሪያው ቆይቶ ይደርሳል። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ጥያቄ መመለስ አለበት፦ የተቀጠረለት ሰዓት ሳይሠራ ቢያልፍ ምን ይደረግ? ሁለት ጊዜ ቢጠራስ ምን ይበላሻል? የእነዚህ መልስ ካለ ምርጫው ተጋምሷል፤ ከሌለ የትኛውም መሣሪያ አያድንም።

በምሳሌ እንያዘው። ሐዋሳ ላይ ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሚያገለግል ሥርዓት አለ እንበል። አባላቱ መምህራን፣ የባጃጅ ባለቤቶችና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ናቸው። ሶፍትዌሩ የማይክሮሰርቪስ ነው፤ አባላት፣ ቁጠባ፣ ብድር፣ መልእክትና ሪፖርት በሚሉ፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው በሚሮጡ ትንንሽ ሰርቪሶች ተከፍሏል። ሌሊት ሌሊት በቴሌብርና በባንክ የገባው ገንዘብ ከመዝገቡ ጋር ይታረቃል። ጠዋት ጠዋት የብድር መክፈያቸው ሦስት ቀን ለቀራቸው አባላት አጭር መልእክት ይላካል። በየአምስት ደቂቃው ያልሄዱ መልእክቶች እንደገና ይሞከራሉ። ወር ሲዘጋ ወለድ ይሰላል።

አራቱም «ተደጋጋሚ ሥራ» ይባሉ እንጂ ጠባያቸው አይገናኝም። የአምስት ደቂቃው ሥራ አንድ ዙር ቢያልፈው ጉዳት የለውም፤ ቀጣዩ ዙር ይደርስለታል። አንዱ ዙር ሳያልቅ ሌላው ከላዩ ቢነሳ ግን አባሉ ያንኑ መልእክት ደጋግሞ ይቀበላል። ማስታረቁ ሌሊት ቢያልፈው ጠዋት ሊሠራ ይችላል፤ በግብይት ቁጥር የሚያመሳክር ከሆነ ሁለት ጊዜ መሮጡም አይጎዳም። የማስታወሻው መልእክት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቢደርስ ችግር የለውም፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሰው መቀስቀስ ግን ነውር ነው። ወለዱ ሊቀርም ሊደገምም አይችልም። ይህን ለየራሱ ሳይጽፉ ለሁሉም አንድ መሣሪያ መምረጥ በጨለማ መተኮስ ነው።

መጀመሪያ ጠሪውን ከሠሪው ለዩ

የእድር ጥሩምባ ነፊ ሥራው መጥራት ነው፤ ድንኳኑን የሚተክሉት ሌሎች ናቸው። በሶፍትዌርም እንዲሁ መሆን አለበት። ሰዓቱን የሚጠብቀው ክፍል፣ እዚህ ጠሪ የምለው፣ ወለድ አያስላ፣ መልእክት አይላክ። «የዚህ ወር ወለድ ይሰላ» የሚል አንድ መስመር መዝግቦ ዘወር ይበል። ሥራውን የሚያነሳው ሠሪ ነው።

ይህ መስመር የሚቀመጠው በሥራው ባለቤት ሰርቪስ ዳታቤዝ ውስጥ ነው፤ የወለዱ በቁጠባ፣ የማስታወሻው በብድር። ለሁሉም የሚሆን አንድ የጋራ ሠንጠረዥ አያስፈልግም፤ እሱ ከመጣ ሰርቪሶቹን የመለየት ጥቅሙ ይቀራል። ሠንጠረዡ ቢያንስ የሥራውን ስምና ሥራው የሚመለከተውን ጊዜ ይይዛል፦ «ወለድ፣ 2018-05»። በሁለቱ ዓምዶች ላይ አንድ ላይ የልዩነት ገደብ (ያው ጥንድ ሁለተኛ እንዳይመዘገብ የሚከለክል ደንብ) ይጣልባቸው። ያኔ ጠሪው ሦስቴ ቢጮህም የሚመዘገበው አንድ ብቻ ነው፤ የተቀረውን ዳታቤዙ ራሱ ይመልሰዋል።

ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ለዚህ የሚሆኑ ሁለት ነገሮችን ይዞ የመጣው በአንድ እትም፣ በ2016 በወጣው 9.5 ነው (የሶፍትዌሮቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አንደኛው ተመሳሳይ መስመር ሲመጣ ስህተት ሳያነሳ የሚያልፈው «ኦን ኮንፍሊክት ዱ ናቲንግ» ነው። ሁለተኛው «ስኪፕ ሎክድ» ሲሆን ብዙ ሠሪዎች አንድ ሠንጠረዥ ላይ ሲሻሙ አንዱ የያዘውን መስመር ሌላው ዘሎ ቀጣዩን እንዲያነሳ ያደርጋል። ለትንሽ ቡድን እነዚህ ሁለቱ ካሉ ለወረፋ ብቻ ተብሎ ራቢትኤምኪው ወይም ካፍካ የሚተከልበት ምክንያት አይታየኝም።

ወለድ ማስላትና «ተሠርቷል» ብሎ ማተም በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም ይጸናል፣ ወይ ሁሉም ይቀራል በሚል የዳታቤዝ ጥቅል) ውስጥ ሊያልቁ ይችላሉ። መልእክት መላክ ግን አይችልም፤ አንዴ ከቴሌኮሙ በር ከወጣ አይመለስም። ስለዚህ ለመልእክት ቁልፉ የዕለቱ ሥራ ሳይሆን እያንዳንዱ አባልና እያንዳንዱ ክፍያ ይሁን። ሠሪው መሀል ላይ ቢሞት ቀጣዩ ያልተላከላቸውን ብቻ ይቀጥላል። ልኮ ሳይመዘግብ የሞተባት አንዲት መልእክት ሁለቴ ልትሄድ ትችላለች፤ ይህችን ሙሉ በሙሉ መከላከል አይቻልም።

አሁን ምርጫው ጥሩምባውን ማን ይንፋ የሚለው ብቻ ይሆናል።

ክሮንና የሲስተምዲ ታይመር

ዩኒክስ ላይ ክሮን ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ፤ ሊኑክስ ላይ የለመድነው ዝርያ ፖል ቪክሲ በ1987 ከጻፈው የመጣ ነው። አምስት ቦታ ይሞላል፦ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን። ቀላልነቱ ግን ጥቂት ወጥመድ አለው። «*/7» ብላችሁ በየሰባት ደቂቃው ይሮጣል ብትሉ፣ በ56ኛው ደቂቃ ከሮጠ በኋላ 4 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ይነሳል፤ ቆጠራው በየሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራልና። የወሩን ቀንና የሳምንቱን ቀን ሁለቱንም ከሞላችሁ ደግሞ የሚረዳው «ሁለቱም ሲገጥሙ» ብሎ ሳይሆን «አንዱ ሲገጥም» ብሎ ነው። በወሩ 1ኛ ቀን ሰኞ ሲሆን ብቻ ብላችሁ ያሰባችሁት ሰኞ ሰኞ ሁሉ ይሮጣል።

ዋናው ጉዳይ ግን መብራት ነው። ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ከሆነ፣ መብራት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ሄዶ በ9 ቢመጣ የ8 ሰዓቱ ማስታረቅ እንዳልነበረ ይሆናል። ክሮን ማሽኑ ጠፍቶ ያለፈውን አያካክስም፤ ማለፉንም አይናገርም። ሌላው ችግሩ ያለፈው ዙር አለቀ አላለቀ ብሎ አለመጠየቁ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ያስነሳል፤ አለቀ። ለዚህ ትእዛዙን በ«ኤፍሎክ» መጠቅለል ይረዳል፤ «-n» ከጨመራችሁበት የመጀመሪያው ሎኩን (የ«ተይዟል» ምልክቱን) ከያዘ ሁለተኛው ሳይጠብቅ ወዲያው ይወጣል።

በአንድ ማሽን ላይ ለሚሠራ ሁሉ ከክሮን ይልቅ የሲስተምዲን (ሊኑክስ ላይ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ሥርዓት) ታይመር እመርጣለሁ። ሁለት ፋይል መጻፍ መጠየቁ ያሰለቻል፤ ትርፉ ግን ይበልጣል። «ፐርሲስተንት» የተባለውን ቅንብር ስታበሩት መጨረሻ የተነሳበትን ሰዓት ዲስክ ላይ ይይዛል፤ ማሽኑ ተነስቶ ያለፈው ካለ ወዲያው አንድ ጊዜ ያስሮጠዋል። ሦስት ሌሊት ቢያልፈውም አንድ ጊዜ ነው እንጂ ሦስት ጊዜ አይደለም፤ ስለዚህ ሠሪው «የዛሬውን» ሳይሆን «ያልታረቁትን ቀናት ሁሉ» ማየት አለበት። የተነሳው ሥራ ገና እየሮጠ ከሆነም ሁለተኛ አያስነሳም። ሎጉ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቦታ ይገኛል፤ ክሮን ግን ውጤቱን ማንም ወደማይከፍተው የማሽኑ የፖስታ ሳጥን ነው የሚልከው።

ማካካስ ለሁሉም ሥራ አይመከርም። ለማስታወሻው መልእክት «ፐርሲስተንት» ካበራችሁና መብራቱ ሌሊት ከመጣ፣ አባላቱ በተኙበት ስልካቸው ይጮሃል። ሠሪው ራሱ ሰዓቱን ይይ፤ ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 12 ካልሆነ ይቆይ። ይህን ጥንቃቄ ጠሪው ላይ ሳይሆን ሠሪው ላይ አድርጉት፤ ነገ ጠሪውን ብትቀይሩት ደንቡ አብሮ አይጠፋም።

የሁለቱም ድክመት አንድ ማሽን ላይ መንጠልጠላቸው ነው። ማሽኑ ሲቀየር ዝርዝሩም አብሮ ይሄዳል። ቢያንስ ፋይሎቹ ጊት ውስጥ፣ ከኮዱ ጋር ይቀመጡ።

በሰርቪሱ ሆድ ውስጥ

ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከዚህ ነው። ስፕሪንግ ላይ አንድ ምልክት ከሜተዱ በላይ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ፓይተን ላይ ኤፒስኬጁለር አለ፤ ኖድ ላይም አንድ ፓኬጅ ማውረድ ነው። ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ችግሩ የሚመጣው ሰርቪሱ ሦስት ቅጂ ሆኖ ሲቆም ነው፤ ሦስቱም ሰዓት ይጠብቃሉ፣ ሦስቱም ይነሳሉ። በተጨማሪ ጠዋት አዲስ እትም ዲፕሎይ ስታደርጉ በመሮጥ ላይ ያለው ሥራ መሀሉ ላይ ይቆረጣል። ከባድ ስሌትም ተጠቃሚ ከሚያስተናግደው ሂደት ጋር ሜሞሪ ይሻማል።

መድኃኒቱ ሎክ ነው። በጃቫ ዓለም ሼድሎክ የታወቀ ነው፤ ራሱ የጊዜ ሰሌዳ አይደለም፣ ከቅጂዎቹ አንዱ ብቻ እንዲሮጥ በዳታቤዝ ወይም በሬዲስ ላይ ምልክት ይይዛል፤ የቀሩት ሳይጠብቁ ያልፋሉ። ሁለት ቁጥር ትሰጡታላችሁ። አንደኛው ሎኩ ቢበዛ እስከ መቼ ይያዝ የሚል ነው፦ የያዘው ማሽን ቢሞት ከዚያ በኋላ ይለቀቃል። ይህን ሥራው ከሚፈጀው ጊዜ አሳጥራችሁ ከጻፋችሁት ግን የመጀመሪያው ሳይጨርስ ሁለተኛው ይገባል። ሁለተኛው ቢያንስ እስከ መቼ ይያዝ የሚል ነው፦ የማሽኖቹ ሰዓት በጥቂት ሴኮንድ ሲለያይና ሥራው በቅጽበት የሚያልቅ ሲሆን፣ ዘግይቶ የደረሰው ቅጂ «ነጻ ነው» ብሎ እንዳይደግመው ይጠብቃል።

ኳርትዝ ከዚህ ይከብዳል፤ የጊዜ ሰሌዳውን ራሱን ዳታቤዝ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ቅጂዎቹ ይካፈሉታል፣ ያመለጠ ጥሪ ምን ይሁን የሚለውንም ለየሥራው መወሰን ይቻላል። በክላስተር (በተያያዙ ብዙ ማሽኖች) ሲሮጥ የማሽኖቹ ሰዓት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ መመሳሰል አለበት። የክሮን መስመር ወደ እነዚህ ስታዛውሩ ደግሞ ተጠንቀቁ፦ ስፕሪንግም ኳርትዝም ከፊት የሴኮንድ ቦታ ይጨምራሉ፤ ኳርትዝ እሑድን 1 ብሎ ሲቆጥር ክሮን 0 ይላል። መስመሩን እንዳለ ብትገለብጡት ሥራው በሌላ ቀን ይነሳል።

ሰለሪ የተባለውን የወረፋ ላይብረሪ ለምትጠቀሙ የፓይተን ሰዎች፦ ሠሪዎቹን የፈለጋችሁትን ያህል አብዙ፤ ቢት የተባለው ጠሪ ግን አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት ቢት ማለት እያንዳንዱ ሥራ ሁለት ጊዜ ወረፋ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ካልቀየራችሁት የሚከተለው የሰዓት ክልልም ዩቲሲ (የግሪንዊች ሰዓት) ነው።

በዳታቤዙ በኩል

ፒጂ ክሮን የተባለው የፖስትግሬስ ተጨማሪ የሚገባውን ያህል አይነሳም። ከላይ እንዳልኩት ጠሪው አንድ መስመር ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ያን መስመር ዳታቤዙ ራሱ ማስገባት ይችላል፤ ሌላ የሚጠበቅ ሂደት የለም። የአንድ ሥራ ሁለት ዙር አብረው አይሮጡም፤ የመጀመሪያው እስኪያልቅ ሁለተኛው ይጠብቃል። ተጠባባቂ ሰርቨር ካላችሁ በተጠባባቂነት እስካለ ዝም ይላል፤ ዋናው ወድቆ እሱ ሲሾም በራሱ መጥራት ይጀምራል። ይህን በነጻ የሚሰጥ ሌላ መፍትሔ ብዙ የለም።

ሁለት ነገር ይታወቅ። የሚከተለው የሰዓት ክልል የግሪንዊች ነው፤ ካልቀየራችሁት በሦስት ሰዓት ትሳሳታላችሁ። ከዚያ ውጪ ቋንቋው ኤስኪዩኤል ስለሆነ መልእክት ላክ፣ ፋይል አውርድ ማለት አይሆንለትም፤ እንዲያ ማድረግ የሚያምረው ሰው ካለ ደግሞ ቢከለከል ይሻላል።

ኩበርኔቲስ ላይ ካላችሁ

የኩበርኔቲስ የራሱ ጠሪ ክሮንጆብ በ2021 በ1.21 እትም ነው የተረጋጋ የተባለው። በየጥሪው አዲስ ፖድ (ሥራው ለብቻው የሚሮጥበት ክፍል) ይነሳል፣ ይሠራል፣ ይሞታል። ጥሩነቱ ሥራው ከተጠቃሚው ትራፊክ ተለይቶ የራሱን ሜሞሪና ሲፒዩ መያዙ ነው። ያው የሰርቪሱን ኢሜጅ (የታሸገ ፕሮግራም) በሌላ ትእዛዝ ማስነሳት ስለሚቻል ኮድ ሁለት ቦታ አይጻፍም።

መነሻ ቅንብሮቹን ግን ሳታዩ አትለፉ። «ኮንከረንሲ ፖሊሲ» ካልነካችሁት መደራረብን ይፈቅዳል፤ ለአምስት ደቂቃው የመልእክት ሥራ ይህ በቀጥታ ችግር ነው፣ ወደ «ፎርቢድ» ይቀየር። «ሪፕሌስ» የሚሮጠውን ገድሎ አዲስ ያስነሳል፤ ገንዘብ የሚነካ ሥራ ላይ አላስጠጋውም። «ስታርቲንግ ዴድላይን ሴኮንድስ» ጥሪው ስንት ሴኮንድ ቢዘገይ አሁንም ይነሳ የሚለውን ይወስናል። ለጠዋቱ ማስታወሻ ጥቂት ሰዓት፣ ለማስታረቁ ሰፊ ጊዜ ስጡት። የሰዓት ክልል መጻፊያው የተረጋጋው በ1.27፣ በ2023 ነው፤ ካልጻፋችሁት የሚከተለው ተቆጣጣሪው ሂደት ያለበትን ማሽን ሰዓት ነው። የከሸፈ ሥራ ስድስት ጊዜ ድረስ ይደገማል፤ ወለድ ለሚያሰላ ሥራ ይህን ቁጥር አስባችሁበት ወስኑ።

ሰነዱ ራሱ በግልጽ እንደሚያስጠነቅቀው ክሮንጆብ በአንድ ጥሪ «በግምት አንድ ጊዜ» ነው ሥራ የሚፈጥረው፤ አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ምንም። ስለዚህ ልዩ ቁልፍ ያለው ሠንጠረዥ እዚህም ያስፈልጋል። ኩበርኔቲስ አለን ብሎ እሱን መተው አይቻልም።

ኢንተርኔቱ ሲደክም ደግሞ ኢሜጁን ከሩቅ ማከማቻ ለማውረድ የሚሞክር ፖድ ቆሞ ይቀራል። ኢሜጁ ማሽኑ ላይ ካለ እንዳያወርድ አድርጉት። በየደቂቃው ለሚሮጥ ጥቃቅን ሥራም ፖድ ማስነሳት ብክነት ነው፤ እሱን ሁልጊዜ ለሚቆም ሠሪ ስጡት።

ለክሮንጆብ ብቻ ሲባል ኩበርኔቲስ መትከል? አይሆንም።

ከክላውድ መጠራት

የአማዞን ኢቨንትብሪጅ ስኬጁለር በ2022 መጨረሻ ወጣ፤ ጉግልም ክላውድ ስኬጁለር አለው። ሁለቱም የሚያረጋግጡት «ቢያንስ አንድ ጊዜ» መጥራትን ነው፤ ይኸውም ሁለት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሥርዓታችሁ እዚያው ከሆነ ሌላ አትፈልጉ። ሰርቨሩ ሐዋሳ ሆኖ ጠሪው ውጭ አገር ከሆነ ግን ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ነው፣ የሰርቨራችሁም በር ለውጭ ጥሪ መከፈት አለበት፣ መስመሩ ሲቋረጥም የእናንተው ሥራ ከእናንተው ማሽን ፊት ሳይደርስ ይቀራል።

ጊትሃብ አክሽንስን በነጻ እንደ ጥሩምባ ነፊ የሚጠቀሙም አይቻለሁ። ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ልዩነት አይጠራም፣ መድረኩ ሲጨናነቅ ይዘገያል፣ ክፍት በሆነ ማከማቻ ላይ 60 ቀን እንቅስቃሴ ካልታየ ደግሞ የጊዜ ሰሌዳውን ያጠፋዋል። ለገንዘብ ሥራ አይታሰብ።

ኤርፍሎውና ቴምፖራል

እነዚህ ከጠሪነት አልፈው የሥራ ሰንሰለት ያስተዳድራሉ። የወር መዝጊያው «ሂሳብ ዝጋ፣ ወለድ አስላ፣ ሒሳብ ሹሙ እስኪያጸድቅ ጠብቅ፣ መግለጫ አዘጋጅ፣ መልእክት ላክ» ሲሆንና ከአምስቱ ሰርቪሶች ሦስቱን ሲነካ በእጅ የተጻፈ ሠንጠረዥ መተብተብ ይጀምራል።

ኤርፍሎው በ2014 ኤርቢኤንቢ ውስጥ ተጀምሮ በ2019 የአፓቼ ከፍተኛ ፕሮጀክት ሆነ። ባሕርዩ የዳታ ሰዎች ነው፦ እስከ 2ኛው እትም ድረስ፣ ካልቀየራችሁት፣ ለአንድ ቀን የተቀጠረ ዙር የሚነሳው ያ ቀን ካለቀ በኋላ ነበር፤ ይህን ያላወቀ አዲስ ገቢ «አንድ ቀን ወደኋላ ቀረብኝ» ይል ነበር። ያለፉ ዙሮችን የማካካስ ልማዱ እስከ 2ኛው እትም በራሱ የበራ ነበር፤ በ2025 በወጣው 3ኛው ላይ ጠፍቶ ይመጣል። ከድሮ መማሪያ የሚገለብጥ ይህን ያስተውል።

ቴምፖራል ለሰርቪስ ጸሐፊዎች ይቀርባል። ሒደቱ መሀል ላይ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ለመደራረብም ዝለል፣ አንዱን አቆይ፣ ሁሉንም አቆይ፣ የቀደመውን ሰርዝ የሚሉ ግልጽ ምርጫዎች አሉት። ሁለቱም ግን ራሳቸው ጠባቂ የሚፈልጉ ሥርዓቶች ናቸው፤ የራሳቸው ዳታቤዝ፣ የራሳቸው በርካታ ሂደት አላቸው። አራት ሥራ ላለው ቡድን አራቱን ሥራዎች ከመጠበቅ እነሱን መጠበቅ ይከብዳል።

የእኛ ሰዓትና የእኛ ወር

ከላይ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ የማያውቁት ነገር አለ፤ ለሐዋሳው ማኅበር ዋናው ሥራ ያለውም እዚያ ነው።

ሰዓቱ ይቅለል። ሒሳብ ሹሙ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይታረቅ» ሲሉ በማሽኑ 2:00 ነው። እኛ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ስለምንቀድም በዩቲሲ የቀደመው ቀን 23:00 ይሆናል። ዩቲሲ ላይ ባለ ሰርቨር «0 2 * * *» ከተጻፈ ማስታረቁ ከሌሊቱ 11 ይነሳል። የአገር ሰዓት ባለው ሰርቨር የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ረስቶ «0 8 * * *» የጻፈ ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቢሮ ሲከፈት ያስነሳዋል። ቀኑም ያሳስታል፦ «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ያለ ሰው የሚያስበውን ማሽኑ ረቡዕ 2:00 ነው የሚለው፤ ያው ቅጽበት በዩቲሲ ተመልሶ ማክሰኞ ነው። የሥራ ዝርዝር ስትጽፉ «ለረቡዕ አጥቢያ» በሉ፣ አጠገቡም የማሽኑን ሰዓት ጻፉ። ደግነቱ በበጋና በክረምት ሰዓት የሚቀያየርበት ጣጣ የለብንም።

ወሩ ይከብዳል። ማኅበሩ ወለድ የሚያስበው በመስከረም፣ በጥቅምት፣ በኅዳር ነው፤ የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። የክሮን «1ኛ ቀን» የጃንዋሪና የፌብሩዋሪ 1 ነው። ለየወሩ አንድ አንድ መስመር በፈረንጅ ቀን መጻፍ ይቻላል የሚሉ አሉ፦ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ሐምሌ 1 ጁላይ 8 እያሉ። ሐምሌው እውነት ነው። መስከረሙ ግን ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ወደ 12 ይዛወራል፤ መዛነፉም እስከ የካቲት መጨረሻ ይዘልቃል፣ የሚስተካከለው መጋቢት 1፣ ማርች 10 ላይ ነው። በ2015 ጳጉሜን 6 ነበረች፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ቀጣይዋ የ2019 ናት። በእጅ የተጻፉት መስመሮች ሦስት ዓመት ተማምነውባቸው በአራተኛው፣ የጻፋቸው ሰው ሥራ ከቀየረ በኋላ፣ ስድስት ወር ያህል በአንድ ቀን ይሳሳታሉ።

የሚሻለው ወሩን ለጠሪው አለመንገር ነው። ጠሪው በየሌሊቱ ይጥራ። ሠሪው ሲነሳ «ዛሬ ወር ተዘጋ?» ብሎ አይጠይቅ፤ «ያለቀ ግን ወለድ ያልተሰላለት ወር አለ?» ብሎ ይጠይቅ። የሁለቱ ልዩነት ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ያቺን ሌሊት መብራት ከጠፋ ወሩን ያጣል፤ ሁለተኛው በማግስቱ ሌሊት ያገኘዋል። ሁለት ወር ቢከማችም በቅደም ተከተል ይሠራል።

ቀኑን ለመለወጥ አይሲዩ የተባለው ላይብረሪ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ ጃቫስክሪፕትም በራሱ የቀን ማሳያ ውስጥ አለው። ከጃቫ ጋር የሚመጣው የጊዜ ፓኬጅ ግን የለውም፣ ትሪቴን ኤክስትራ ይጨመርለታል። የትኛውንም ብትመርጡ ጳጉሜን 5፣ ጳጉሜን 6ና መስከረም 1ን ሳትፈትኑ አትልቀቁት።

የጳጉሜን ወለድ ከነሐሴ ጋር ይታሰብ፣ ለብቻው ይቁም ወይስ ይዘለል? ይህ የፕሮግራመር ውሳኔ አይደለም። የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ወይም ቦርዱ በጽሑፍ ይመልስ፤ እስኪመልስ ድረስ ኮዱ አይጻፍ።

በዓላትም አሉ። የማስታወሻው መልእክት «ነገ ቢሮ መጥተው ይክፈሉ» ብሎ ነገ ቢሮው ዝግ ከሆነ ያሳፍራል። የገናና የመስቀል ቀን ይሰላል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ ግን የሚወሰነው አያንቶዎች (የሲዳማ ባህላዊ ቀን ቆጣሪዎች) ከዋክብትን አይተው ነው፤ ኢድም ጨረቃ ይጠበቅለታል። ዩኔስኮ በፈረንጅ 2015 የመዘገበው ፊቼ ጫምባላላ በየትኛውም የክሮን መስመር አይገባም። የበዓላት ሠንጠረዥ ይኑር፣ ቀኑ ሲታወጅ አንድ የቢሮ ሠራተኛ የምትሞላበት ቀላል ገጽ ይኑረው፣ ሠሪው ከመላኩ በፊት ያየዋል።

ያልተጠራ ሥራ አይጮኽም

የከሸፈ ሥራ ስህተት ይጽፋል፤ ያልተነሳ ሥራ ምንም አይጽፍም። ስለዚህ የሚጠበቀው ስህተት ሳይሆን የስኬት መጥፋት ነው፦ «በ26 ሰዓት ውስጥ የተሳካ ማስታረቅ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ትንሽ ጠባቂ፣ ከሌለ በቴሌግራም ቦት ለቡድኑ የሚነግር። ጠባቂው ሌላ ማሽን ላይ ይቀመጥ። ከሚጠብቀው ጋር አብሮ ከጠፋ የሚነግረን የለም።

እኔ ብሆን

ሰርቪሶቹ ሁሉ አንድ ወይም ሁለት ማሽን ላይ በዶከር የሚሮጡ ከሆነ የሲስተምዲ ታይመርና የፖስትግሬስ ሠንጠረዥ፤ ሌላ አልጨምርም። ተጠባባቂ ዳታቤዝ ካለ ጠሪነቱን ለፒጂ ክሮን እሰጣለሁ። ቡድኑ ሙሉ በሙሉ በስፕሪንግ የሚሠራ ከሆነ ሼድሎክን አልቃወምም፤ በተለይ ለአምስት ደቂቃው ዓይነት ሥራ። ኩበርኔቲስ ቀድሞ ካለ ክሮንጆብ፣ መደራረብ ተከልክሎና የሰዓት ክልሉ ተጽፎ። ቴምፖራልን የማነሳው የወር መዝጊያው የሰው ማጽደቅ መጠበቅ ሲጀምር ነው። የራሳችንን «ስኬጁለር ሰርቪስ» እንጻፍ የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ስብሰባው ቡና ላይ ይለቅ፤ ያ ሰርቪስ ሲወድቅ አምስቱም ሰርቪሶች ሰዓታቸውን ያጣሉ።

ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛወር አሮጌውን ቀድማችሁ አታጥፉ። የሥራውና የጊዜው ልዩ ቁልፍ ሠንጠረዡ ላይ ካለ፣ ሁለቱም ጠሪዎች አንድ ሙሉ የወር መዝጊያ አብረው ይጥሩ፤ ድግግሞሹን ዳታቤዙ ይመልሳል። በሠንጠረዡ ላይ ማን እንደጠራ የሚይዝ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ እያንዳንዱ ጠሪ ሙከራውን በሎግ ይጻፍ። አዲሱ አንድም ጥሪ እንዳልሳተ ከታየ የአሮጌው መስመር ይሰረዝ። ከፊቱ የአስተያየት ምልክት (#) አድርጎ፣ እንዳይሮጥ ብቻ ማቆየት አይበቃም፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ምልክቱን ያነሳዋል።